ማሽኑ ብርድ አይችልም

«ማሽኑ ብርድ አይችልም። እሳቸው ግን ሰማንያ አንድ ዓመት ሙሉ ችለውታል።»

ኪርሲ ይህን የሰማችው ቅዳሜ ጠዋት ምንጣፍ ልታራግፍ ጓሮ ወጥታ፣ መምቻውን ገና ከፍ እንዳደረገች ነው። ተናጋሪው ባሏ ቬሳ ነው። ከቤቱ ማዕዘን ወዲያ ቆሞ ለታናሽ ወንድሙ ለያርሞ ያወራል፤ ድምፁ ስለ ድንች ዋጋ የሚያወራ ሰው ድምፅ ነው። ማሽኑ የተባለው ሁለቱ ወንድማማቾች በጋራ የገዙት ጄት ስኪ፣ የውሃ ላይ ሞተር ሳይክል ነው፤ በበጋ የኩኦፒዮ ከተማን ሐይቅ እየሰነጠቀ ዳክዬውንና ጡረተኛውን እኩል የሚያስበረግግ ሰማያዊ ነገር። እሳቸው የተባሉት ደግሞ የኪርሲ እናት ሄልሚ ናቸው። ክረምቱን ከልጃቸው ጋር ሊያሳልፉ ነገ እሁድ ከገጠር ይመጣሉ። የሚያርፉባት ክፍል ተዘጋጅታለች፤ መጋረጃዋ ሳይቀር ተሰቅሏል። ቬሳ ለወንድሙ እየነገረው ያለው ታዲያ ያቺው ክፍል ውስጥ ማሽኑን እንደሚያስገባና፣ አማቱ የከተማው የአረጋውያን መኖሪያ ቢገቡ እንደሚሻላቸው ነው።

«ኪርሲስ ምን አለች?» አለ ያርሞ።

«ምንም አላለች።»

እውነቱን ነው። ምንም አላለችም፤ አልተጠየቀችማ።

ክፍሏ እስካለፈው የጸደይ ወር ድረስ ጋራዥ ነበረች። ኪርሲ ናት ሰው ያደረገቻት። ሲሚንቶው ላይ ጣውላ አስነጠፈች፣ በደቡብ በኩል መስኮት አስበጀች፣ ግድግዳው ላይ ማሞቂያ አሰቀለች፣ ቀለሙን ራሷ ቀባች። በምትሠራበት የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ በሽተኛ ስታስተናግድ እንኳን በአንድ ዓይኗ የወለል ጣውላ ታማርጥ ነበር። የጋራዥነቷ ትዝታ ሆኖ የቀረው ባለ ሁለት ተከፋቹ ሰፊ በር ብቻ ነው፤ መዘዙም ከዚያው መጣ። እናቷ የሚኖሩት እንጨት እያነደዱ በሚሞቁበት አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ባለፈው ክረምት እንጨት ሊያመጡ ወጥተው በረዶ ላይ ወደቁና ፖስታ አመላላሹ እስኪያገኛቸው እዚያው ተጋድመው ቆዩ። ፖስታ አመላላሹ ሲያነሳቸው መጀመሪያ ያሉት «ጋዜጣው እንዳይረጥብ» ነው። ከዚያ ወዲህ ኪርሲ ሳትደውልላቸው የምታድርበት ቀን የለም።

በነዚህ ሰዎች ዘንድ ዝም ያለ ሰው ተስማምቷል። ደግሞም ውሳኔ በአፍ አይነገርም፤ ዕቃ ይናገረዋል። ቬሳ ማሽኑ የተጫነበትን ተጎታች ጋሪ አዙሮ ጀርባውን ለሰፊው በር ሰጥቶታል፤ በእሱ ቤት ይህ ማስታወቂያ ነው። መቃወም የፈለገ ቅዳሜ ማታ ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያው ውስጥ እስኪገባ ጊዜ አለው። ሳውና ውስጥ የተባለ ነገር እዚያው ያልቃል፤ እራት ጠረጴዛ ላይ አይነሳም፣ በነጋታውም አይታወስም። ሳውናው ደግሞ የሚነደው አመሻሽ ላይ ነው። ኪርሲ መምቻውን አነሳችና ምንጣፉን ደበደበችው። ምንጣፉ ምንም አላጠፋም፤ ግን ከቬሳ ይልቅ እሱ ቅርብ ነበረ። የጎረቤቷ የማይሬ መጋረጃ ትንሽ ተገልጦ ተመለሰ።

ቁርስ ላይ ሦስቱም ጥቁር ዳቦና እርጎ አቅርበው ተቀመጡ።

«ማሽኑን የት ልታደርጉት ነው?» አለች።

«ሞቅ ያለ ቦታ» አለ ቬሳ።

«ሞቅ ያለ ቦታ የት አለ?»

ቬሳ እርጎውን ጨልጦ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ዛሬ ማታ ከዜሮ በታች አሥራ ሁለት ይወርዳል ተብሏል» አለ፤ ክፍሏን ለማሽኑ የሰጠው የአየር ትንበያው ይመስል።

«እናቴስ?»

«የአረጋውያን መኖሪያው ቦታ አለኝ ብሏል። ሙቀት አለው፣ ምግብ አለው፣ ነርስ አለው።»

«ይህን ያህል ካማረህ ለምን አንተ አትገባበትም?»

ያርሞ ብርጭቆው ውስጥ ሳቀ፤ ወንድሙን አየና ሳቁን ከእርጎው ጋር ዋጠው። ከዚያ በኋላ የተሰማው የዳቦ ቢላዋ ብቻ ነው። ቀኑ የቅዱሳን ሁሉ ቀን ነበር፤ አገር ምድሩ ሻማ ይዞ ወደ መቃብር የሚሄድበት ቅዳሜ። ቬሳ ጃኬቱን ደርቦ፣ ለሟች እናቱ ለኤስቴሪ የሚያበራውን ሻማ በብብቱ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። «ትመጫለሽ?» አላት። «ምንጣፍ አለብኝ» አለችው። ሊያያት ከሚገባው ትንሽ ረዘም አድርጎ አያትና ወጣ። ያርሞ መቃብር አይሆንለትም፤ ያለቅስና ሦስት ቀን ጉንፋን ይዞኛል ይላል። ስለዚህ ማሽኑን ለመጠበቅ ቀረ። ማሽኑ ግን ጠባቂ አልጠየቀም።

ኪርሲ መኪናዋን አስነስታ ወደ ዋናው መንገድ ነዳች። የጀልባ ዕቃ መሸጫው ተዘግቷል። ክፍት ያገኘችው ነዳጅ ማደያው ብቻ ነው፤ እሱ የሚዘጋው ምናልባት ዓለም ስታልፍ ነው። እዚያ ውስጥ፣ ከዘይት መደርደሪያው አጠገብ፣ የወንዶች ጠረጴዛ የሚባል አለ። ስሙ አልተጻፈበትም፤ ግን ሴት አትቀመጥበትም፣ ከስድሳ ዓመት በታች የሆነ ወንድም ፈቃድ ያስፈልገዋል። አራት ሽማግሌዎች ኮፍያቸውን እንዳደረጉ ዝም ተባብለው ተቀምጠዋል። ኪርሲ ፊታቸው ሄዳ ቆመችና «ጄት ስኪ ክረምቱን ውጭ ማደር ይችላል?» ብላ ጠየቀች። አራቱም ስኒያቸውን አዩ። ጥያቄ ተጠይቀው አያውቁም መሰለኝ፤ ለዘመናት መልስ ብቻ ሲሰጡ ኖረዋል።

«የማን ነው?» አለ አንዱ በመጨረሻ።

«የባሌ።»

«እሱስ የት ነው?»

«መቃብር።»

ኮፍያዎች ተነሱ። «በሕይወት አለ» ስትል ኮፍያዎቹ ተመለሱ፤ ትንሽ ቅር ያላቸው ይመስላል። ከዚያ በኋላ ግን የሚያቆማቸው ጠፋ። አንዱ ቀዩን የማይቀዘቅዝ ፈሳሽ አስጠጪው አለ፣ ሌላው ቀዩ መርዝ ነው አረንጓዴውን ነው አለ፣ ሦስተኛው ሁለታችሁም ማሽን ገድላችኋል አለ። አራተኛው ካንዴላ ሳይፈታ ዘይት ስለነፋ አንድ የአክስቱ ልጅ ማውራት ጀመረ፤ የአክስቱ ልጅ ከዚያ ተፋቷል። በአንድ ነገር ብቻ አራቱም ተስማሙ። ማሽን ብርድ አይጠላም። የሚጠላው ውስጡ የቀረችዋን ውሃ ነው፤ እሷ በረዶ ሆና ስታብጥ ብረቱን ትሰነጥቀዋለች። ውሃው ከወጣለት፣ ዘይቱን ከጠጣና ከተሸፈነ በረዶ ውስጥም ይተኛል። ሙቀት የሚያስፈልገው ባትሪው ብቻ ነው።

«ስታጥቢው ታዲያ መጀመሪያ ሞተሩን አስነሺ፣ ውሃውን ኋላ ክፈቺ» አለ የመጀመሪያው። «ስትጨርሺ ውሃውን አስቀድመሽ ዝጊ፣ ሞተሩን ኋላ አጥፊ። ከተገለባበጠ ሞተሩ ውሃ ይጠጣና አለቀለት። ልክ እንደ ትዳር ነው።»

«እንዴት ነው እንደ ትዳር የሚሆነው?» አለው ጎኑ የተቀመጠው።

ሰውየው አሰበ። «እኔ እንጃ» አለ። «ሚስቴ ናት እንዲህ የምትለው።»

ኪርሲ ቀዩን ፈሳሽና የሚነፋ ዘይት ገዝታ ተመለሰች። ያርሞን ያገኘችው ዓሣ የታጨቀበት ዳቦ ይዞ ተጎታቹ ላይ ተቀምጦ ነው። ልታደርግ ያሰበችውን ስትነግረው ዳቦው አፉ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«ቬሳ ይገድለኛል።»

«ማሽኑ የአንተም አይደለም?»

«ግማሹ።»

«እንግዲያው ግማሹን እናዘጋጅ።»

ያርሞ ሳቀና ተነሳ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግሩ አጠገቡ ለቆመ ሰው ሁሉ መታዘዙ ነው። የአትክልት ውሃ ማጠጫውን ጎማ አመጡ፣ ከማሽኑ ጎን ካለችው ቀዳዳ ጋር አገጣጠሙ፣ ኪርሲ ኮርቻው ላይ ወጣች። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሽኑ ላይ መቀመጧ ነው፤ ካፖርቷ ወደ ላይ ተሰብስቦ ጉልበቷ ለማይሬ መስኮት ተገልጧል። ቁልፉን ልታዞር ስትል ጎማው ሲንቀጠቀጥ አየች። ያርሞ ለማገዝ ቸኩሎ ቧንቧውን ከፍቶታል።

«ዝጋው! ሞተር መጀመሪያ፣ ውሃ ኋላ!»

ያርሞ ደንግጦ የባሰ ከፈተው፤ ከዚያ ዘጋው። ሁለቱም ማሽኑን አዩት። ማሽኑ ውሃ ጠጥቶ ከሞተ ቬሳ ዕድሜ ልኩን ያወራዋል፤ ይልቁንም አያወራውም፣ ዕድሜ ልኩን ዝም ይልበታል፤ እናቷም በዚያ ዝምታ ውስጥ ሻንጣቸውን ይዘው ይገባሉ። የገባችውን ውሃ በታች ባለው መክፈቻ አስወርደው ትንሽ ጠበቁ። ኪርሲ ቁልፉን አዞረች። ማሽኑ አንዴ አነጠሰ፣ አንዴ ሳለ፣ ዝም አለ። እንደገና አዞረች። በሦስተኛው ጮኸ፤ ግን ምን ዓይነት ጩኸት! ከተማው በሙሉ ጸጥ ብሎ ሙታኑን በሚያስብበት ቀን፣ አጥር ለአጥር በተያያዙት ቤቶች መሀል ያ ሰማያዊ ነገር እንደሚታረድ አሳማ አጓራ። የማይሬ መጋረጃ አሁን ሙሉ በሙሉ ተገለጠ። ማይሬ ወጥታ አልተናገረችም፤ እዚህ አገር ማንም ወጥቶ አይናገርም። መስኮቷ ላይ ቀጥ ብላ ቆማ እጇን አጣምራ ብቻ አየቻቸው፤ እሱ ከስድብ ይከፋል። ኪርሲ ከኮርቻው ላይ ሆና እጇን አውለበለበችላት።

የማሽኑ ውስጥ ታጠበ። ቧንቧው ተዘጋ፣ ሞተሩ ትንሽ ጮኾ በጭስ መውጫው በማርሚታው የቀረችውን ጠብታ ተፋ፣ ከዚያ ጠፋ። ካንዴላዎቹን ፈትተው ዘይት ነፉ፣ ቀዩን ፈሳሽ በቱቦው ለቀቁ፣ አይጥ እንዳይገባበት የማርሚታውን አፍ በጨርቅ ወተፉ። ያርሞ ባትሪውን እንደ ሕፃን አቅፎ ልብስ ማጠቢያው ክፍል አስገባ። በመካከሉ ስለ እናቱ አነሳ፤ ማሽኑ የተገዛው ኤስቴሪ ሲሞቱ ለሁለቱ በተውት ገንዘብ ነው።

«እማዬ ይህን ብታይ በመጥረጊያ ነበር የምታባርረን» አለ። «ውሃ አትወድም ነበር። የባልዲ ውሃ እንኳን ትጠረጥር ነበር።»

«ታዲያ ለምን ገዛችሁት?»

«ቬሳ ነው። ገንዘቡ ባንክ ቁጭ ብሎ ማየት አልቻለም። የሚጮህ ነገር እንግዛ አለኝ። እኔ ለራሴ የጓሮ ወንበር ነበር ያሰብኩት።» ፒንሳውን በሱሪው ጠረገ። «ኪርሲ፣ እሱ የተናደደው በማሽኑ አይመስለኝም።»

«በምንድን ነው?»

«እኔ እንጃ። ወንድሜ ነው፤ አንነጋገርም።»

ተጎታቹን እየገፉ ከእንጨት ማስቀመጫው ጀርባ ወሰዱት፤ አፍንጫውን ከፍ አድርገው በሸራ ሸፍነው በገመድ ጠፈሩት። ጀንበሯ ያኔ መጥለቅ ጀምራለች። ቬሳ ከመቃብር ሲመለስ መጀመሪያ ያየው ባዶውን ቦታ ነው። ወደ ሸራው ሄደ፣ ገመዱን በጣቱ ሞከረ፣ ጥብቅ መሆኑን ሲያይ ይበልጥ ከፋው። እንጨት ታቅፎ ወደ ሳውናው ገባ። ያርሞ «እኔ ቤቴ እታጠባለሁ» ብሎ የዳቦውን ቁራጭ ኪሱ ከቶ ሹልክ አለ።

ሳውናው ሲሞቅ ባልና ሚስት እንደ ወትሮው ጎን ለጎን ላይኛው እርከን ላይ ተቀመጡ። እርቃኑን የተቀመጠ ሰው ማዕረግ የለውም፣ መሸሸጊያም የለውም፤ ምናልባት ለዚህ ነው ፍርድ ሁሉ እዚያ የሚያልቀው። ቬሳ በእሳት በጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ጨመረ። እንፋሎቱ ጆሯቸውን አቃጠለው። ኪርሲ ናት የጀመረችው።

«ማሽኑ ተዘጋጅቷል። ውሃው ወጥቷል፣ ዘይቱን ጠጥቷል። ከዜሮ በታች ሠላሳም ቢሆን ምንም አይለው።»

«ማን አለ?»

«ነዳጅ ማደያው።»

«የነዳጅ ማደያ ወሬ።»

«እሺ ወሬ ይሁን። ክፍሉ ግን የእናቴ ነው።»

ቬሳ ደግሞ ውሃ ጨመረ፤ ይህኛው ለቅጣት ያህል በዛ ያለ ነበር። ኪርሲ ወደ ታችኛው እርከን አልወረደችም። ወርዳ ቢሆን ኖሮ እንደ ተሸነፈች ይቆጠርባት ነበር፤ ስለዚህ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች።

«እናቴም ብርድ አትችልም ነበር» አለ ቬሳ።

ኪርሲ ዞር ብላ አየችው። እሱ ድንጋዩን ነው የሚያየው።

«ያስገባናት የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ መስኮቱ አይገጥምም ነበር። በሄድኩ ቁጥር ካፖርቷን ደርባ ነው አልጋዋ ላይ የማገኛት። አንቺን ጠይቄሽ ነበር። ጋራዥ ነው፣ ለሰው አይሆንም አልሽኝ። ሲሚንቶ ነው፣ መስኮት የለውም፣ ቢሠራም ዓመት ይፈጃል አልሽኝ።» ፊቱ ላይ የሚወርደውን በክንዱ ጠረገ፤ ላብ ነው ማለት ይቻላል። «ወለሉን ሲያነጥፉልሽ ቆሜ ሳይ ነበር ኪርሲ። የፈጀው አንድ በጋ ነው። አንድ በጋ።»

ኪርሲ ያንን ቀን አስታወሰችው። ጋራዡ በር ላይ ቆማ ነበር፤ መሬቱ ላይ የዘይት እድፍና የቀለጠ በረዶ ነበር። ያለችው ሁሉ እውነት ነበር። ሲሚንቶ ነበር፣ መስኮትም አልነበረውም። በዚህ ዓመት ጸደይ ላይ የገዛ እናቷን ስታስብ ግን ያ ሁሉ እውነት ከመዶሻና ከሚስማር የማያልፍ ሆኖ አገኘችው፤ ሁለቱን ነገር አንድ ቀን እንኳን ጎን ለጎን አላስቀመጠቻቸውም። አፈረች። ዱላ የያዘ ሁሉ እኔን ይምታኝ የሚያሰኝ ዓይነት ዕፍረት ነው የተሰማት።

«ጋራዡ ሰበብ ነበር» አለች። «እናትህን አልፈለግኳቸውም። ሽንኩርት ስከትፍ አጠገቤ ቆመው ቢላዋውን ያዩብኝ ነበር። ክረምቱን በሙሉ እንደዚያ መታየት አልችልም ብዬ ነው።»

እንጨቱ ምድጃው ውስጥ ተሰንጥቆ ሲጮህ ሁለቱም ነቃ አሉ።

«እውነትሽን ነው፤ ታይ ነበር» አለ ቬሳ። «የእኔንም ቢላዋ ታይ ነበር።» ጭልፋውን ባልዲው ውስጥ ጣለው። «እኔም እናትሽን አልፈልጋቸውም። ማሽኑ ሰበብ ነው። እሳቸው በዚያች ክፍል መስኮት ሆነው ፀሐይ ሲሞቁ ማየት አልችልም ብዬ ነው።»

«አሁንስ ትችላለህ?»

«አላውቅም።»

ሌላ የሚባል አልነበረም። አንዱ ሌላውን ይቅር በለኝ አላለም፤ ይህ ቃል በዚያ ሙቀት ውስጥ ያፍን ነበር። ኪርሲ መጀመሪያ ወጥታ ታጠበች። ልብሷን ለብሳ ኩሽና ስትገባ ቬሳ ገና አልመጣም። ቋሊማውን ጠበሰች፣ ሰሃን አወጣች፤ አሁንም የለም። በመስኮት ስትመለከት የክፍሏ መብራት በርቷል።

ሄዳ በሩን ከፈተች። ቬሳ ፎጣ አገልድሞ፣ የሱፍ ኮፍያ አድርጎ፣ በባዶ እግሩ ወለሉ መሀል ቆሟል። እግሩን እያነሳ በየቦታው እየረገጠ ጣውላውን ይሞክራል። ከሰውነቱ ገና እንፋሎት ይወጣል።

«ወለሉ ቀዝቅዟል» አለ ሳያያት። «ማሞቂያው ከዛሬ ካልተነሳ ለነገ አይደርስም። እንጨት ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው።» ትንሽ ቆየና «ነገ እኔ ነኝ የማመጣቸው» አለ። «አንቺ ከሄድሽ ሻንጣ እንሸከም ብላችሁ ወገባችሁን ትሰብራላችሁ።»

ኪርሲ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው፣ ሙቀቱ እንዳይወጣ።

«እኔ እንግዲያው መቃብር እሄዳለሁ» አለች። «ብቻዬን። ለእናትህ የምነግራቸው አለኝ።»

«አትመልስልሽም።»

«አንተም አትመልስልኝም፤ ይኸው ይህን ሁሉ ዓመት እነግርሃለሁ።»

ቬሳ ወደ ግድግዳው ሄዶ ማሞቂያውን በአንድ ዲግሪ ጨመረው።